ከቶሪኮስ የምትታየው ደሴት

ወሬው የደረሰኝ ሱፍ ሳጥብ ነው። ወይን የሚቆረጥበት ወር ነበር፤ የአቴና ጦራችን ሲራኩስን ሊይዝ ሄዶ በሲሲሊያ ካለቀ ዓመት ሞልቶታል። አንድ ሰው ግንባሩን በጨርቅ አስሮ ከበራፌ ቆመ።

«የኬኦሷ ሴት አንቺ ነሽ?» አለኝ።

ቶሪኮስ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። እጄ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቀና ብዬ ሳየው የጎረቤታችን የከሰል ሻጩ ልጅ ስሚክሮስ ነው። ከልጄ ከፋንያስ ጋር በአንድ መርከብ የሄደ ነው። ከመሄዱ በፊት «እማማ ሊሲላ» ነበር የሚለኝ።

«ስሚክሮስ፣ ልጄ፣ ተርፈሃል! ግንባርህን ምን ሆንክ?»

ጨርቁን ፈታው። በጋለ ብረት የተተኮሰ የፈረስ ምስል ነው። «ከሞት የተረፍነውን በመጨረሻ አውጥተው ሲሸጡን ያተሙብን ነው። ያየኝ ሁሉ የማን ከብት ነህ ይለኛል» ብሎ ሳቀ።

«ፋንያስስ?»

«ሞተ። በጸደይ ነው የሞተው። የቀበረው የለም። ውኃ ለምኖኝ ነበር፤ አልሰጠሁትም።»

«ለምን?»

«እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለና ደፌ ላይ ተፍቶ ሄደ።

እንዴት እንዳወቀ ያን ቀን አልገባኝም። የገባኝ ከስድስት ቀን በኋላ የመጨረሻው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው። ደብዳቤዎቹን ከዚህ በታች በተራ ገልብጫቸዋለሁ። ጽሕፈት የተማርኩት ጥቂት ስለሆነ መጀመሪያ በሸክላ ስባሪ ላይ እየሞከርኩ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ የእኔም ቃል ቀርቶልኛል።

አስቀድሜ ይህን ልናገር። እኔና ደብዳቤዎቹን የላከችልኝ ሜሊታ የእህትማማች ልጆች ነን። የተወለድነው በኬኦስ ደሴት፣ ዩሊስ በምትባለው ከተማ ነው። እሷን የሲራኩስ እህል ነጋዴ አግብቶ ወሰዳት። እኔን የአቴና ዜጋ የሆነው የቶሪኮሱ ሃብሮን ወሰደኝ። በአቴና ሕግ አባትም እናትም አቴናዊ ካልሆኑ ልጁ ዜጋ አይሆንም፤ ዋሽቶ መዝገብ የገባ ይሸጣል፣ ንብረቱም ይወረሳል። ሃብሮን ግን ለሰው ሁሉ «ሚስቴ የኦይኖዬ ሰው ልጅ ናት» አለ፤ ኦይኖዬ የአቴና መንደር ናት። አባቷ የተባለው ሰውዬ ከነቤተሰቡ በወረርሽኙ ስላለቀ «አይደለችም» የሚል አልተገኘም። ፋንያስ አሥራ ስምንት ሲሞላው ሃብሮን በዜጎች መዝገብ ሊያስገባው መሠዊያ ጨብጦ ማለለት፤ በዚያው ዓመት ሞተ። እኔ እውነቱን ለፋንያስም ለእህቱ ለሚርታሌም አልነገርኳቸውም። ሰማዩ ሲጠራ ኬኦስ ከቶሪኮስ ዳርቻ ትታያለች። ልብስ የማሰጣው ጀርባዬን ለእሷ ሰጥቼ ነበር።

*

ሲራኩስ፤ ከተያዙ በስምንተኛው ቀን

ለአክስቴ ልጅ ለሊሲላ፤

ምድጃሽ አይጥፋ፣ የጓሮሽ ወይን አይድረቅ። እኔ በሕይወት አለሁ። ስለ ቤቴ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ልጅሽን አገኘሁት። አትደሰቺ፤ መጀመሪያ ያለበትን ስሚ። ከሰባት ሺህ የማያንሱትን ምርኮኞች ድንጋይ ተቆፍሮ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ጥለዋቸዋል። ግድግዳው ቁልቁል ነው፣ ጣሪያ የለውም። ቀን ፀሐዩ ያነዳቸዋል፣ ማታ ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ለአንድ ሰው በቀን የሚሰጠው አንድ ዋንጫ ውኃና ሁለት ዋንጫ ገብስ ነው። የሞተው ከሕያው ጎን ይከመራል። ሽታው እስከ ገበያ ይደርሳል። አያታችን ስድሳ ዓመት ሲሞላት፣ እንደ ደሴታችን ልማድ አክሊል ደፍታ መርዙን እየሳቀች ስትጠጣ እኔና አንቺ አልቅሰን ነበር። አሁን ሳስበው መታደል ነው።

የከተማው ሰው በለስ በቅርጫት ይዞ ሊያያቸው ይወጣል። ትናንት አጠገቤ የነበረች ሴት ፍሬውን እየበላች ልጣጩን ትወረውርላቸዋለች። «የአቴና ጌቶች! ከተማችንን ልትካፈሉ አልነበር የመጣችሁት? እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ይኸው ድርሻችሁ!» ትላለች።

እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ «ከቶሪኮስ የመጣ አለ?» ብዬ ተጣራሁ።

«ምነው እማማ፣ የተረፈ ዓሣ አለሽ?» አለኝ አንድ ድምፅ።

«አባትህ ማን ይባላል?»

«ሃብሮን ነው። ለክፉ ከሆነ የፈለግሽኝ ግን ሌላ አባት አለኝ» አለ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሰማሁት ሳቅ ያ ብቻ ነው። አንገቱ የአባትሽ አንገት ነው፤ ሌላም ምልክት አላስፈለገኝ።

«እናትህስ?» አልኩት።

«የኦይኖዬ ልጅ ናት።»

እንዳልነገርሽው ገባኝ።

የባሌ ወንድም ፊንትያስ ከጠባቂዎቹ አለቆች አንዱ ነው። የነገረኝ ይህ ነው፦ በሰባኛው ቀን የደሴት ሰዎችና ሌሎቹ አጋሮች ወጥተው ይሸጣሉ። አቴናውያን እዚያው ይቀራሉ። የቀረ ደግሞ በእግሩ አይወጣም። ፋንያስ «የኬኦስ ሰው ነኝ» ካለ ወደ ሽያጩ ይወጣል፣ ፊንትያስም ለእኛ ቤት ይይዘዋል። ስሙ ባሪያ ይሁን እንጂ በእኔ ማዕድ ይበላል፤ ባሕሩ ሲከፈት እሰድልሻለሁ።

ከእኔ ከጠላት ሴት አፍ ቢሰማው ግን አያምንም። በገዛ እጅሽ ጻፊለት፤ የማይጠራጠረው ምልክት ጨምሪበት። ለፊንትያስ የዚያን አገር የጦስኝ ማር ላኪለት፣ ይወዳል። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ዞይሎስ የሬጊዮን አይብ ነጋዴ ነው፤ አገሩ ከማንም ወገን ስላልሆነ ሁለቱም ወደብ ያስገቡታል። አትዘግዪ።

ሜሊታ

*

ቶሪኮስ፤ የባቄላ ቅቅል በዓል በዋለ በማግስቱ

ለእህቴ ለሜሊታ፤

አማልክት ደጅሽን ይጠብቁልኝ፣ እጅሽን ይባርኩልኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው። ያዘገየኝ በሽታ ነው።

ልጄን ስላገኘሽልኝ እግርሽን እስማለሁ። ማሩን በሁለት እንስራ ልኬያለሁ። ወፍራም የሱፍ ቀሚስም አለበት፤ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አለው፣ ሲያየው ያውቀዋል። ለብርዱ ስጪልኝ። ሲርበው አጉርሺልኝ። ጉሮሮው ስስ ነው፣ በልጅነቱም ብርድ ሲመታው ድምፁ ይዘጋ ነበር።

የጠየቅሽኝን ነገር በተመለከተ፣ ፋንያስ የሃብሮን ልጅ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ደብዳቤ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ሰው ይከፍተዋል። አንቺ ብልህ ነሽ፣ ከፊንትያስ ጋር ተነጋግራችሁ ሌላ መንገድ አታጡም።

ሚርታሌን ልድራት ነው። ሙሽራው የመንደራችን ሰው ነው፣ የአባቱ ስም በመዝገቡ መጀመሪያ ላይ ያለ። ሠርጉ በክረምቱ መሐል፣ በጋብቻ ወር ነው። እስከዚያ ምንም ነገር እንዳይነሣብኝ እለምንሻለሁ።

ሊሲላ

*

ሲራኩስ፤ ከተያዙ በሰባ አንደኛው ቀን

ለሊሲላ፤

ሰላም ለቤትሽ። ማሩ ደርሷል፣ ፊንትያስ በልቶታል። ቀሚሱን በገመድ አወረድኩለት። ፋንያስ ቀዩን ክር አይቶ ሳመው። ወዲያው ግን አጠገቡ በትኩሳት ለሚያቃትት ሰው አለበሰው። ሰውየው በማግስቱ ሞተ፤ ቀሚሱን ሌላ ገፈፈው።

ትናንት ሰባኛው ቀን ነበር። አዋጅ ነጋሪው መውረጃው ላይ ቆሞ በየአገሩ ጠራ። «የአንድሮስ!» ሲል የአንድሮስ ሰዎች እየተደጋገፉ ወጡ። «የቴኖስ!» አለ። ከዚያ «የኬኦስ!» አለ። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ። ሁለቱ የዩሊስ ልጆች ናቸው፤ የአንዱን አባት አንቺም ታውቂዋለሽ፣ በሩጫ የቀደመን ፍየል ጠባቂ ነው። ለባርነት መሄዳቸው ነው፣ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የሚስቁት።

ፋንያስ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አላስቻለኝም፣ ጮህኩ።

«ፋንያስ! ተነሥ፣ ውጣ! እናትህ የኬኦስ ልጅ ናት! የእናቴ እህት ልጅ ናት!»

ቀና ብሎ አየኝ። «ምን አልሽ?»

«እናትህ ሊሲላ ኬኦሳዊት ናት። ውጣ ልጄ፣ በሩ ሳይዘጋ!»

«አንቺ አሮጊት» አለኝ፣ «ዓሣ ከለከልሽኝ፣ ይሁን። ቀሚሷን ስታወርጅልኝ ደግ መስለሽኝ ነበር። አሁን እናቴን ልታዋርጂ መጣሽ? ስሟን በአፍሽ እንዳትጠሪው!»

ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ፤ ጉንጬን መታኝ። አቴናውያኑ «ደግ አደረግህ፣ የሃብሮን ልጅ!» ብለው ጮሁለት። አዋጅ ነጋሪው የሚቀጥለውን አገር ጠራ።

ጉንጬ ላይ የሚቀረው ጠባሳ የልጅሽ ነው። አልተቀየምኩትም። የእናቱን ክብር ነው የጠበቀው። ያንቺ አንዲት መስመር በእጄ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ወጥ ቤቴ ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣ ነበር።

የፊንትያስን ጉልበት ይዤ ለምኜዋለሁ። የእናቱ ጽሕፈት ከመጣና ልጁ ራሱ በአዋጅ ነጋሪው ፊት «አቴናዊ አይደለሁም» ካለ አወጣዋለሁ ብሏል። ዞይሎስ ከክረምት በፊት የመጨረሻ ጉዞው ይህ ነው። በወደባችሁ አራት ቀን ይቆያል።

በደብዳቤሽ ስለ ልጄ ስለ ሶፓትሮስ አልጠየቅሽም።

ሜሊታ

*

ዞይሎስ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ። ባሕሩ መቆጣት ጀምሮ ነበር። ሚርታሌ በሽመና ዕቃዋ ፊት ተቀምጣ የሠርጓን ዐይነ ርግብ ትሸምናለች።

«እማማ፣ ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ እነሣለሁ። የምትሰጪኝ ነገር እንዳለሽ ያቺ ሴት ነግራኛለች። በስስ የእርሳስ ብረት ላይ ጻፊው፣ አይብ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ማንም አያገኘውም።»

«ማንም?»

«አሥራ ሁለት ዓመት አመላልሻለሁ። የተያዘብኝ አንድ ነው፤ እሱም የፍቅር ነገር ነበር» ብሎ ሳቀ።

ወደ ሚርታሌ አየሁ። ወደ ዞይሎስ አየሁ። ያ አንድ የተያዘው ደብዳቤ ከሌሎቹ ሁሉ ገዝፎ ታየኝ። አንድ ሰው ቢያነበው ሠርጉ ይፈርሳል፣ ሚርታሌ ገበያ ቆማ ትሸጣለች ብዬ አሰብኩ። ልጄ ጠንካራ ነው፣ ሰባ ቀን የቻለ ክረምቱንም ይችላል ብዬ አሰብኩ። ይህን በእውነት አስቤዋለሁ፤ አልደብቅም።

«ባሕሩ ሲከፈት ትመለሳለህ?» አልኩት።

«እኔማ እመለሳለሁ። የሚጠብቁሽ ሰዎች እስከዚያ በሕይወት ከቆዩ።»

«እንግዲያው ያን ጊዜ» አልኩት።

ሠርጉ ሆነ። የሰሊጥ ቂጣው በላይ በላዩ ተቆረሰ። ችቦ ይዤ ከሙሽራይቱ ፊት የሄድኩት እኔ ነኝ። ጨፍሬያለሁም።

*

ቶሪኮስ፤ አዲሱ ወይን ጠጅ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን

ለእህቴ ለሜሊታ፤

አማልክት ሳይዘገዩ ይድረሱልሽ። ይህን ከፋንያስ በቀር ለማንም አታንብቢ።

ፋንያስ፣ ልጄ፣ እናትህ ሊሲላ ነኝ፤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። የኦይኖዬ ልጅ አይደለሁም። የኬኦስ ልጅ ነኝ፣ በዩሊስ ነው የተወለድኩት። አባትህ ስለ አንተ መሠዊያ ጨብጦ በሐሰት ማለ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ።

ምልክቱ ይህ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ ጨው የሚደርቅበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። በጣትህ ወደ ባሕሩ አሳይተህ «እማ፣ ያቺ ደሴት ማን ናት?» አልከኝ። እኔ «አላውቅም፣ ድንጋይ ናት» አልኩህ። አንተ «ድንጋይ ከሆነች ለምን ታለቅሻለሽ?» አልከኝ። ከእኔና ከአንተ በቀር ይህን የሰማ የለም። ያቺ ደሴት አገሬ ናት። ያንተም ናት። ተነሥና «የኬኦስ ሰው ነኝ» በል። መዋረድ አይደለም፤ በሕይወት መኖር ነው።

ሜሊታ፣ ስለ ሶፓትሮስ ሳልጠይቅሽ ቀርቻለሁ፣ በጭንቀት ነው። ደህና ነው? አግብቷል?

ሊሲላ

*

ሲራኩስ፤ ከተያዙ በሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቀን

ሊሲላ፤

ሶፓትሮስ አላገባም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ከቀበርኩት ሠላሳ ዘጠኝ ቀኔ ነበር። ከከተማው በላይ ባለው ከፍታ በተደረገው ውጊያ ነው፤ ጦሩ በጀርባው ገብቶ በደረቱ ወጥቷል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የወጋው የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። ያንቺ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ልጅሽን ልፈልግ አፋፉ ላይ ስወጣ የለቅሶ ፀጉሬ እንደተላጨ ነበር።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ይዤ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። ፊንትያስ መውረድ ከለከለኝ፤ በሽታ አለ አለ። በገመድ ላውርድለት ስለው «ሌላው ይነጥቀዋል። ከላይ አንብቢለት» አለኝ። «ሚስጥር ነው» አልኩት። «ሚስጥር የሚቀመጥበት ጉድጓድ መስሎሽ ነው?» ብሎ ሳቀ።

አነበብኩት። ስምሽን፣ የባልሽን የሐሰት መሐላ፣ ዩሊስን፣ ሁሉንም። ፋንያስ ሲጀመር ቆሞ ነበር፤ ጉልበቱ ከበትር አይወፍርም። የደሴቷ ነገር ላይ ስደርስ ቁጭ አለ። «ለምን ታለቅሻለሽ» የሚለውን ሳነብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዚያ የአገሩ ሰዎች ተነሡበት።

«አንተ! አባትህ በሐሰት ነው ያስመዘገበህ?» አለ ግንባሩ ሰፊ የሆነ አንዱ።

«ሰባት ወር ሙሉ ከእኛ ጋር ውኃ ስትካፈል!» አለ ሌላው። «የኬኦሱ ዜጋችን! ተነሥ እንጂ፣ እናትህ እየጠራችህ ነው!»

አዋጅ ነጋሪው መውረጃው ላይ ቆሞ ጠየቀው። «ፋንያስ የሃብሮን ልጅ፣ አቴናዊ ነህ ወይስ አይደለህም?»

ልጅሽ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ወደ ጓደኞቹ አየ። እሱ «አይደለሁም» ካለ፣ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ በሕይወት አገሩ ቢገባ እናቱና እህቱ ምን እንደሚሆኑ አወቀ። ሲያውቀው ከላይ ሆኜ አየሁት።

«ይህች ሴት ትዋሻለች» አለ። «እናቴ የኦይኖዬ ልጅ ናት። እኔ የቶሪኮስ ሰው ነኝ።»

በመጀመሪያው ጊዜ ያለው ስለማያውቅ ነበር። አሁን እያወቀ ነው ያለው። ይህን ሲል ግን እንባው እየወረደ ነበርና ያመነው የለም። አዋጅ ነጋሪው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

በግድግዳው አንድ ቦታ ውኃ ይንጠባጠባል። የቶሪኮስ ሰዎች በተራ ተኝተው የሚልሱት እሱን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለፋንያስ ተራ አልሰጡትም። ከጥላውም አስወጡት። የዋንጫ ውኃውን ገና ሲቀበል ይነጥቁታል። እኔ እንጀራ በውኃ ነክሬ ጣልኩለት፤ ቀደሙት። «ባለ ደሴቱ፣ ባሕር አለህ አይደል፣ ከባሕርህ ጠጣ» ሲሉት ሰምቻለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሲጠሩት አልተንቀሳቀሰም። ክምሩ ላይ አወጡት።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልተናገርኩም። ፊንትያስ አንድ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ሬሳ ነው ብለን ልናወጣው እንችል ነበር፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች እንደዚያ ወጥተዋል። ሐሳቡ የመጣልኝ ደብዳቤሽን ከመክፈቴ በፊት ነው። ከከፈትኩት በኋላ «ደህና ነው? አግብቷል?» የሚለውን አነበብኩ።

ድምፄን ታውቂዋለሽ። ልጆች ሆነን በአፖሎ በዓል የዩሊስን ልጃገረዶች መዝሙር የምመራው እኔ ነበርኩ፤ ከኮረብታው እስከ ወደቡ ይሰማ ነበር። ዝቅ ማድረግ እችል ነበር። ፋንያስ ብቻ እንዲሰማኝ ጎንበስ ማለት እችል ነበር። ቀጥ ብዬ ቆሜ በዚያ ድምፅ አነበብኩት።

ልጅሽን ተካፍለን ነው የገደልነው፣ እኔና አንቺ። ያንቺ ድርሻ ክረምቱ ነው። የእኔ ድርሻ ድምፄ ነው።

ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ሜሊታ

*

ይህ ደብዳቤ በመንገድ አራት ወር ቆየ፤ ስሚክሮስ ቀድሞት ገባ። ደብዳቤው በደረሰኝ ሳምንት ስሚክሮስ በመንደሩ ጉባኤ ፊት ቆሞ የሰማውን ተናገረ። የልጄን ስም ከመዝገቡ ፋቁት። ሃብሮንን «በሐሰት የማለ» ብለው ጻፉት። ልጄ በሕይወቱ የከፈለበት ቃል አንድ ቀን እንኳ አላዳነንም።

የሚርታሌ ባል በሦስተኛው ቀን መለሳት። ክፉ ሰው አልነበረም። «እኔ ልጆች እፈልጋለሁ፤ ዜጎች ልጆች» አላት። የፍርዱ ቀን ሳይደርስ በአንድ የሱፍ ጀልባ ወጥተን ወደ ኬኦስ ተሻገርን። ግማሽ ቀን አይፈጅም። ለሃያ ሁለት ዓመት የራቀኝ ይህ ነው።

ሚርታሌ አብራኝ ትኖራለች። የምታናግረኝ ለሥራ ብቻ ነው፦ «ዘይቱ አልቋል»፣ «ፍየሏ ታማለች»። አንድ ቀን ግን እየፈተለች ሳለ ቀና ሳትል «ሠርጌን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። ክሩ ተበጠሰባት፣ ቀጠለችው።

ሜሊታን አልወቅሳትም ብል ውሸት ነው፤ ሌት ተቀን እወቅሳታለሁ። እሷ ግን ድርሻዋን በእጇ ጽፋ ፈርማለች። እኔም እነሆ ድርሻዬን ጻፍኩ። ይህን ጽሑፍ ወደቡ አጠገብ ባለው ቤተ መቅደስ ደጃፍ አኖረዋለሁ፤ ነፋስ እስኪገጥማቸው የሚጠብቁ ሰዎች እዚያ ይቀመጣሉ፣ ማንበብ የሚችልም አይጠፋም።

አንተ የምታነበው፣ አንቺም የምታነቢው፣ ልጄ መቃብር የለውም። አፈር ያልቀመሰ ሙት የሙታንን ወንዝ እንደማይሻገርና ዳር ዳሩን ሲዞር እንደሚኖር ታውቃላችሁ። በባዕድ አገር ወድቆ ለቀረ ሰው ስሙን ሦስት ጊዜ መጥራት ልማዳችን ነው። እኔ በየቀኑ እጠራዋለሁ፤ ግን ከእኔ አፍ መስማት ይፈልግ እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ እናንተ ጥሩልኝ። የቶሪኮስ አትበሉ፣ ፍቀውታል። የኬኦስ አትበሉ፣ እሱ ራሱ እንቢ ብሏል። ፋንያስ፣ ፋንያስ፣ ፋንያስ በሉት፤ ይበቃዋል። ለሜሊታ ልጅም ጸልዩ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ገና አልቻልኩም። እናንተ ከቻላችሁ ጨምሩት። ስትጠሩም ወይን ጠጅ አታፍስሱለት። ውኃ አፍስሱለት፤ ብዙ ውኃ፣ ሳትቆጥቡ።